ቤትን በደላላ እጅ ስለ ማከራየት፤ ለደብረ ሲናና ለይፋት ባለቤቶች የቀረበ ማስገንዘቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማ በርን ዋሻ ከተሻገረ በኋላ፣ መንገዱ በገደሉ ጎን እየተጠማዘዘ ሲወርድ የሚቀበለው ከተማ ደብረ ሲና ነው። ከዋናው ከተማ 190 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ከተማ ለተላላፊው ሁሉ ቆሎ በመሸጥ የታወቀ ሲሆን፣ ከበታቹ የተዘረጋው የይፋት ቆላ ደግሞ በሸዋ ሮቢት በኩል ሽንኩርቱንና ማሾውን ለገበያ ያቀርባል። መንገድ ባለበት ንግድ አለ፤ ንግድ ባለበት እንግዳ አለ፤ እንግዳ ባለበትም የኪራይ ቤት ይፈለጋል። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ባለመኪናውና የእህል ነጋዴው በከተማው ሲሰነብቱ ማደሪያ የሚያገኙት ከነዋሪው ቤት ነው።

የቤቱ ባለቤት ግን ሁልጊዜ በስፍራው አይገኝም። አንዱ በሥራ ዝውውር ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ሌላው በሽምግልናው ጊዜ አዲስ አበባ ካሉት ልጆቹ ዘንድ ገብቷል፤ ሌላውም ባሕር ተሻግሮ በዐረብ አገር ወይም በአሜሪካ ይሠራል። እንደዚህ ያለው ባለቤት ቁልፉን ለደላላ ሰጥቶ፣ ወሩ ሲደርስ የሚላክለትን ገንዘብ ይጠብቃል። አሠራሩ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ቤት ተዘግቶ ከሚያረጅ ሰው ቢኖርበት ይሻላልና። ነገር ግን ደላላው ምን ሥልጣን እንዳለውና ምን ሥልጣን እንደሌለው ሳይለይ ቤቱን ያስረከበ ሰው፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ያለ ደረሰኝ ለሌላ እንደ ሰጠ ይቈጠራል።

የኪራይ ልማድ የተቋረጠበት ዘመን

የቤት ኪራይ ውል በአገራችን ዘመናዊ የሕግ ሥርዓት የተበጀለት በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያው ዓመት የታወጀው የንግድ ሕግም የደላላን ሥራ ከንግድ ሥራዎች መካከል ቈጥሮ ትርጓሜ ሰጥቶታል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሳይሰድ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ከሚኖርበት ቤት ሌላ ቤት የነበረው ሰው ያንን አጣ፤ በግል አከራይና በግል ተከራይ መካከል የነበረው ግንኙነትም በሕግ ቀረ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከፍ ያለ ኪራይ የሚከፈልባቸውም ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። በዚህ ዘመን በድብቅ ያከራየ ሰው ቢኖር፣ በጽሑፍ ውል ለማድረግ አይደፍርም ነበር፤ ጽሑፉ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ያስከስሰዋልና።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የቤት ኪራይ እንደ ገና በይፋ ተስፋፋ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሲደነግግ፣ በመሬቱ ላይ በጉልበት ወይም በገንዘብ የተሠራው ቤት ግን የሠሪው ንብረት መሆኑን አረጋግጧል። ሕጉ ቢመለስም ልማዱ አብሮ በቶሎ አልተመለሰም። በብዙ ትናንሽ ከተሞች ዛሬም ቤት የሚከራየው በቃልና በመተማመን ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የሚስማማ ምክር ነው።

ደላላና ወኪል አንድ አይደሉም

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን የገለጸው፣ ሽያጭ፣ ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ይህን የመሳሰለ ውል ለማድረግ የሚፈልጉትን ሰዎች እየፈለገ የሚያገናኝ፣ ይህንንም ሥራ ሞያው አድርጎ በራሱ ነጻነት የሚሠራ ሰው ነው በማለት ነበር። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቢተካም፣ በገበያው ዘንድ የደላላ ሥራ ጠባይ ይኸው ነው። ደላላ ያገናኛል፤ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሲፈራረሙም ዋጋውን ተቀብሎ ሥራውን ይፈጽማል። ከዚያ በኋላ ኪራይ መሰብሰብ፣ ተከራይ ማስወጣት፣ ጣሪያ ማሳደስ፣ ውል ማደስ በማገናኘቱ ብቻ የሚያገኘው ሥልጣን አይደለም።

ወኪል ግን ሌላ ነው። ወኪል በባለቤቱ ስም ሆኖ ባለቤቱን የሚያስገድድ ሥራ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ ሥልጣኑን የሚያገኘውም ከውክልናው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልናና ልዩ ውክልና ብሎ ይለያል። ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ይኸውም ንብረቱን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል ነው። ቤቱን ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል።

በከተሞቻችን የሚታየው ችግር የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት መዘንጋት ነው። ባለቤቱ ሰውየውን ደላላ ብሎ ይጠራዋል፤ የሚያሠራው ግን እንደ ወኪል ነው። ደላላውም እንደ ወኪል ገንዘብ ይሰበስባል፤ ሒሳብ ሲጠየቅ ግን «እኔ ያገናኘሁ ብቻ ነኝ» ይላል። በመካከሉ ኀላፊነት የሚወስድ ሰው ይጠፋል።

በአንድ ቤት ምሳሌ

ነገሩን ለማስረዳት ይህን ምሳሌ መውሰድ ይበቃል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በደብረ ሲና ሦስት ክፍል ቤት ከነማድ ቤቱ አላት እንበል። ጤናዋ ስለ ደከመ አዲስ አበባ ወዳለችው ልጇ ዘንድ ስትሄድ፣ ቁልፉን ለአንድ የሰፈሩ ደላላ ትሰጣለች። ከአንድ ወር በኋላ ደላላው ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ ቤቱ በ3,000 ብር ተይዟልና አይሥጉ፤ ገንዘቡን እኔ በየወሩ እልክልዎታለሁ» ይላታል። እርሷም ትመርቀዋለች።

ተከራዩ በበኩሉ የተዋዋለው በ4,000 ብር ነው። ባለቤቲቱን አያውቃትም፤ ደላላውን ባለቤት አድርጎ ይቈጥረዋል። በየወሩ በመካከል የሚቀረው 1,000 ብር ትንሽ ይመስላል። በዓመት ግን 12,000 ብር፣ በሁለት ዓመት 24,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ለባለቤቲቱ ከሚደርሳት የስምንት ወር ኪራይ ጋር እኩል ነው። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ጣሪያው ሲያፈስ ተከራዩ ለደላላው ይነግራል፤ ደላላው ከራሱ ትርፍ እንዳያወጣ ዝም ይላል፤ ዝናቡም ግድግዳውን ያርሳል። ክርክር ቢነሣ ደግሞ ባለቤቲቱ በእጅዋ ያለ ውል የላትም፤ ተከራዩም የከፈለበት ደረሰኝ የለውም።

እንዲህ ያለውን ክፉ ነገር ለመከላከል ከባድ ዘዴ አያስፈልግም። ባለቤቲቱ ውሉን ራሷ ፈርማ፣ ኪራዩ በቀጥታ በስሟ ወደ ተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ብታደርግ ኖሮ፣ የ1,000 ብሩ ልዩነት ለአንድ ወር እንኳ ተደብቆ ባልቈየ ነበር። ሦስት ነገሮች ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለባቸውም፤ እነርሱም የውሉ ፊርማ፣ የገንዘቡ መግቢያና የንብረቱ ዝርዝር ናቸው።

ውክልናው እንዴት ይጻፍ

ባለቤቱ በሩቅ ስለሚኖር መፈረም ካልቻለ ወኪል መሾም ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ ውክልናው በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ፊት መፈረም ይገባዋል፤ በውጭ አገር የሚኖርም በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ያስፈጽማል። በጽሑፉ ውስጥ የሚከተለው በግልጽ ቢጠቀስ መልካም ነው።

በመጀመሪያ የቤቱ አድራሻና የይዞታው ማስረጃ ቍጥር። ሁለተኛ ወኪሉ ሊዋዋልበት የሚችለው ዝቅተኛ የኪራይ መጠን። ሦስተኛ ወኪሉ ኪራይ በእጁ መቀበል የማይችል መሆኑ፣ ወይም የሚቀበል ከሆነ በስንት ቀን ውስጥ ገቢ እንደሚያደርግ። አራተኛ ለዕድሳት ያለ ፈቃድ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ገንዘብ። አምስተኛ በየስንት ወሩ ሒሳብ እንደሚያቀርብ። «የቤቴን ጉዳይ ሁሉ ይሥራልኝ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ለመከራከር ግን አስቸጋሪ ይሆናል።

ባለቤቱ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። በቃል ሻርኩ ማለት ግን አይበቃም፤ የውክልናውን ወረቀት ማስመለስና መሻሩን ለተከራዩ በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ወረቀቱ በእጁ የቀረለት ሰው ሥልጣን እንዳለው መስሎ ሊቀርብ ይችላልና።

የ2016 ዓ.ም. አዋጅ ያመጣው ለውጥ

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ተቈጣጣሪ ቀርቦ እንዲመዘገብ ያዝዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም ይደነግጋል። የኪራይ ጭማሪም ተቈጣጣሪው ከሚወስነው ውጭ ባለቤቱ እንደ ፈቀደ የሚያደርገው አይሆንም።

አዋጁ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ስለ ሆነ፣ የደብረ ሲናም ሆነ የሸዋ ሮቢት ባለቤት ከመዋዋሉ በፊት የከተማውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ አዋጁ ያዘዛቸውን ሥርዓቶች ማንም ሳያስገድደው ቢከተላቸው የሚጠቀመው ባለቤቱ ራሱ ነው። የተመዘገበ ውል ደላላው አንዱን ዋጋ ለአከራይ፣ ሌላውን ለተከራይ የሚነግርበትን በር ይዘጋል፤ በባንክ የገባ ገንዘብም ራሱ ደረሰኝ ነው።

ውሉ ሁለት ዓመት የሚጸና ከሆነ የተከራዩ ምርጫም ከበፊቱ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ደላላው ቶሎ ዋጋውን ለማግኘት የመጀመሪያውን መጪ ሊያስገባ ይችላል። ባለቤቱ ግን የተከራዩን መታወቂያ፣ የሥራ ቦታውንና የቤተ ሰቡን ብዛት ጠይቆ፣ ቢቻልም ቀድሞ ከነበረበት ቤት አከራይ ምስክርነት ተቀብሎ መወሰን አለበት።

ስለ ገንዘቡ ስሌት

የደላላ ዋጋ በየስፍራው ልማድ ይለያያል፤ ከሁለቱም ወገን የሚቀበልም አለ። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ማን፣ ምን ያህል፣ መቼ እንደሚከፍል መነጋገር ይገባል። ለማገናኘት የሚከፈለው ዋጋ አንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን፣ ቤቱን ለማስተዳደር የሚከፈለው ግን በየወሩ ለተሠራው ሥራ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ለጠብ ምክንያት ይሆናል።

ባለቤቱ የራሱንም ስግብግብነት በስሌት ሊመረምር ይገባል። በምሳሌው ያለውን ቤት በ3,600 ብር ዛሬ የሚከራይ ሰው ቀርቦ ሳለ፣ ባለቤቷ ግን 4,000 ብር የሚሰጥ እስኪገኝ ትጠብቅ እንበል። ዛሬ ብታከራይ በ24 ወር 86,400 ብር ታገኛለች። ሁለት ወር ጠብቃ በ4,000 ብር ብታከራይ የቀረው 22 ወር 88,000 ብር ያስገኝላታል፤ 1,600 ብር አተረፈች ማለት ነው። ሦስት ወር ከጠበቀች ግን በ21 ወር የምታገኘው 84,000 ብር ብቻ ስለሆነ 2,400 ብር ትከስራለች። ባዶ ቤት የሚበላው ገንዘብ በዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው አይቈጥረውም።

ከኪራይ ገቢ ላይ ግብር መክፈልም አለ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቤት ኪራይን ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» አስፍሮታል፤ የግብሩ ልክ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ ባለቤቱ የሚደርስበትን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ አለበት። ግብሩ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ደላላው «እኔ እጨርሰዋለሁ» ቢልም፣ ሳይከፈል ቢቀር የሚጠየቀው ባለቤቱ ነውና የተከፈለበትን ደረሰኝ መቀበል ግዴታው ነው።

ደጋና ቆላ ያሉ ቤቶች

ቤቱ ራሱ የሚጠይቀው ጥንቃቄ እንደ አየሩ ይለያያል። በደብረ ሲና ጉሙና ብርዱ የበረታ ስለ ሆነ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ጭቃ ግድግዳም ከሥሩ በጣሪያ ውሃ ፍንጣሪ ይቦረቦራል። ከተማው ያለበት አገር ተዳፋት ነው፤ በአካባቢው በ1998 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ የውሃ መውረጃውን ቦይ ማስጠረግና የድጋፍ ግንቡን ማስመርመር የኪራይ ሥራው አንዱ ክፍል ነው። ይህን ማን እንደሚያሠራ በውሉ ካልተጻፈ ተከራዩ ባለቤቱን፣ ባለቤቱም ደላላውን ሲጠብቅ ክረምቱ ያልፋል።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ የሚያስቸግረው ሙቀቱና ምስጡ ነው። እዚያ ያለ ቤት ኮርኒስ፣ ሰፊ መስኮትና የትንኝ መከላከያ ወንፊት ቢኖረው ተከራይ አያጣም፤ እንጨቱ ግን በየጊዜው መታየት አለበት። በመኸርና በመስኖ ሰብል ወራት የሚመጣው ነጋዴ ለአጭር ጊዜ ቤት ስለሚፈልግ፣ ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ተከራይ ወይም ወቅታዊ እንግዳ መምረጡን አስቀድሞ ለደላላው ሊነግረው ይገባል።

በሁለቱም ስፍራ ቁልፍ ሲሰጥ የዕቃ ዝርዝር መጻፍ አስፈላጊ ነው። የበሩና የመስኮቱ ብዛት፣ የመስተዋቱ ሁኔታ፣ የመብራትና የውሃ ቈጣሪው ንባብ፣ የቁልፉ ቍጥር ተጽፎ ሁለቱ ወገኖች ይፈርሙበታል። ቤቱን በስልክ ፎቶ ግራፍ ማንሣትም ዛሬ ለማንም ቀላል ነው። የሰነዱ ቅጂ ደግሞ ከቤቱ ውጭ በሌላ ስፍራ ቢቀመጥ ይመረጣል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ መሸሹ አይዘነጋም፤ ወረቀቱ በቤቱ ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ሀብቱን የሚያስረዳበት ማስረጃ አብሮ ለአደጋ ይጋለጣል።

ታማኝ ደላላን ስለ ማክበር

ይህ ሁሉ ሲባል ደላላ ሁሉ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ተከራዩን በደኅና የሚመርጥ፣ ያየውን ጉድለት ሳይደብቅ የሚናገር፣ በሁለቱ መካከል ሲካረር የሚያስታርቅ ደላላ ለባለቤቱም ለከተማውም ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ሰው የጽሑፍ ውልን አይፈራም፤ እንዲያውም ስሙን የሚጠብቅለት ጽሑፉ ነው።

በሌላው ዓለምም ቢሆን አደራ ገንዘብን ለሰው ጠባይ ብቻ መተው አልበቃም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ገንዘብ የሚቀበሉ የቤት አከራይ ወኪሎች፣ የደንበኞቻቸውን ገንዘብ የሚያስጠብቅ የዋስትና ድርጅት አባል እንዲሆኑ በሕግ ተገደዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የባለቤቱ ኪራይና የደላላው ገንዘብ በአንድ ኪስ መግባት እንደሌለባቸው ነው። የደብረ ሲና ደላላ ለሥራው በስሙ ንግድ ፈቃድ ቢያወጣ፣ ደረሰኝ ቢቈርጥና ለእያንዳንዱ ቤት መዝገብ ቢይዝ፣ በሩቅ ያለው ባለቤት ከሌላው አስቀድሞ የሚፈልገው እርሱን ይሆናል።

ቤት ለብዙው ነዋሪ ከልጆቹ ቀጥሎ ያለው ሀብቱ ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቱን ያጣው ትውልድ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ዛሬ ሕጉ ቤቱን ለባለቤቱ አጽንቶለት ሳለ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ባለመጻፍ ምክንያት ኪራዩ በሌላ ሰው እጅ እንዲቀልጥ ማድረግ የራስ ጥፋት ይሆናል። ደላላው ተከራዩን ያምጣ፤ ዋጋውንም ሳይጓደልበት ይቀበል። ፊርማው፣ የባንኩ ሒሳብና የዕቃው ዝርዝር ግን ከባለቤቱ ጋር ይኑሩ።